የኳሱን ሰዓት ታወጣላችሁ፣ የሙዚየሙንስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ከረማችሁ? የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፣ ጋዜጣችሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጋዜጣችሁ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ አለ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር አለ። ጨረታ አለ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ አለ፣ የጠፋ ሰነድ ማስታወቂያ አለ። የሌለው ነገር በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ሙዚየም በየትኛው ቀንና ሰዓት ክፍት እንደሆነ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ጋለሪ የማንን ሥዕል እንደሰቀለ ነው። አንዲት ጠባብ ሳጥን ትበቃለች። እኔም የምጠይቀው እሷኑ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንደምጠይቅ ነው።

ዳር ያለን ሰዎች ከቤት ስንወጣ «ከተማ ልሄድ ነው» እንላለን። መታወቂያችን አዲስ አበባ ይላል፣ አራት ኪሎ ግን ለእኛ መንገድ ነው። ከአባዶ መገናኛ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ሌላ ታክሲ፣ በመሃል ሰልፉ፣ መንገድ ተዘግቷል ብሎ በሌላ በኩል የሚዞረው ሾፌር፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ አይነሳ። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያለ ወንድማችንም ያው ነው፣ የእሱ ይብሳል። እንዲህ ተጉዞ የደረሰ ሰው በር ላይ «ዛሬ ዝግ ነው» ሲባል ምን ይሰማዋል? እኔ ተብያለሁ። የትኛው ሙዚየም እንደሆነ አልናገርም፣ ጥበቃውም ጨዋ ሰው ነበር። «ዛሬ ውስጥ ፕሮግራም አለ፣ ሰኞ ኑ» አለን። አብረውኝ የነበሩት እንግዶች ሰኞ በሌሊት መናኸሪያ ነበሩ።

እንግዶች ስል፣ ይህን የማታውቁት ከሆነ ልንገራችሁ፤ የክፍለ ሀገሩ ዘመድ ሁሉ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። መሃል ከተማ ያለው ዘመድ ቤቱ ፈርሶበት ወይም ኪራይ ጨምሮበት ወደ እኛ መጥቷል። ስለዚህ ለልጅ ምርቃት የመጣው፣ ለሐኪም ቀጠሮ የመጣው፣ ለሠርግ የመጣው፣ ልጁን ወደ አረብ አገር ሊሸኝ ኤርፖርት የሚሄደው፣ ሁሉም ሳሎናችን ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል። ደስ ይላል፣ ቅር አይለንም። ጉዳዩ አልቆ አንድ ቀን ሲተርፍ ግን «የት እናሳያቸው?» ይመጣል። መልሱ ደግሞ ያው ነው። ቦሌ ሞል፣ ማታ የኮሪደሩ መብራት፣ ጊዜ ካለ እንጦጦ ፓርክ፣ ፎቶ፣ ማኪያቶ፣ ቤት። ሞል ላይ ምንም ጥላቻ የለኝም። ግን ከደሴ ድረስ የመጣ ሰው ሊፍት ወጥቶ ወርዶ፣ የማይገዛውን ጫማ አይቶ ሲመለስ፣ አዲስ አበባን አየ ማለት ይከብደኛል።

የእኔ እምነት ይኼ ነው፤ አዲስ ከተማ የገባ ሰው መጀመሪያ ሙዚየም ይግባ። መጨረሻ ቀን፣ ዕቃ ከተሸከፈ በኋላ፣ «ከቀረን ጊዜ» አይደለም። መጀመሪያ። ምክንያቱም ሙዚየሙን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ መንገዱን ሲሄድ ሐውልቱ ለምን እንደቆመ፣ አደባባዩ ለምን በዚያ ቀን እንደተጠራ ያውቃል።

ስድስት ኪሎን ውሰዱ። ሁላችንም በታክሲ አልፈነዋል። አደባባዩ ላይ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ነው፣ እሱን ሁሉም ያውቃል። ከሐውልቱ ፊት ለፊት ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ፣ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሆነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማው ውስጥ የሆነውን እልቂት ሐውልቱ ይናገራል። ቦታውን ግን የሚያሳይህ ሙዚየሙ ነው። በዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። 14 እርከን ነው። ፋሺስቶቹ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን አድርገው ሠሩት፤ እነሱ ሲባረሩ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አፍርሰው ቢጥሉት ይቀል ነበር። አንበሳ አስቀምጦ መተው ግን፣ እኔ እንጃ፣ የእኛ ሰው ፈሊጥ አለበት።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታሪክ ይመጣል። የታገቱት ባለሥልጣናት የተገደሉት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው ዛሬም ይታያል። የአልጋውን ትንሽነት አይቶ የማይገረም እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የምወደው ግን የባህል ክፍሉን ነው። አደራደሩ በክልል ወይም በብሔር አይደለም። ሰው ሲወለድ፣ ልጅ ሲሆን፣ ሲያድግ፣ ሲያገባ፣ ሲሠራ፣ ሲሞት፤ እንዲህ በዕድሜ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የጉራጌው ከአፋሩ፣ የሸዋው ከሲዳማው አጠገብ ለአጠገብ ይሆናል። አክስቴ ከወረኢሉ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው ሳለ ወስጃቸው ነበር። መጀመሪያ «እኔ ማንበብ አልችል፣ ምን ላደርግ?» አሉ። ስፌቶቹ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ማን ያንቀሳቅሳቸው! ስንደዶ መቼ እንደሚነቀል፣ አለላው በምን እንደሚነከር፣ ወስፌ እንዴት እንደሚያዝ፣ የትኛው ስፌት የሰነፍ እንደሆነ፣ ሁሉን ዘረዘሩት። አጠገባችን የነበሩ የዩኒፎርም ልጆች አስተማሪያቸውን ትተው እሳቸውን መስማት ጀመሩ። አስተማሪውም ዝም ብሎ ሰማ፣ እግዜር ይስጠው። ማንበብ የማይችል ሰው ሙዚየም ምን ያደርግለታል የሚል ካለ እንግዲህ መልሱ ይኼው ነው። እንዲያውም ሙዚየሞቻችን እንደ አክስቴ ያሉ ሰዎችን አስቀምጠው ቢያስወሩ ከግድግዳው ጽሑፍ ይሻላል እላለሁ።

ስለ ጽሑፉ ካነሳሁ አይቀር፣ አንዳንድ ቦታ ከዕቃው ሥር ያለው መግለጫ ወይ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ወይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው በግማሽ ያንሳል። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው። መቀመጫም ይጎድላል። ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው ይኼን ያውቀዋል፤ አንድ አግዳሚ ወንበር በየክፍሉ ቢኖር ግማሽ ሰዓት ይጨምርልናል። ይኼ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ወደ አምስት ኪሎ እንውረድ። ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽን ሁሉም ሰው ስሟን ያውቃል፣ ያያት ግን ስንቱ ነው? እኔ በምኖርበት ብሎክ ጠይቄ ነበር፤ ልጆቹ በትምህርት ቤት ጉዞ አይተዋታል፣ ወላጆቹ አላዩም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘ። ቁመቷን ስታዩ ነው የምትደነግጡት። አንድ ሜትር ከትንሽ ናት፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ታክላለች። ሰላም ደግሞ በ1993 ዲኪካ ላይ በእነ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተገኘችው ሕፃን ናት። ብዙ ሰው የድንቅነሽ ልጅ ናት ይላል። ኧረ በዕድሜ ሰላም ትበልጣለች፣ 3.3 ሚሊዮን ነው የእሷ፤ ልጅ ከተባለ ልጇ ድንቅነሽ ነች።

ምድር ቤት ለሕዝብ የሚታየው የድንቅነሽ ቅጂ ነው፣ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይኼ ትክክል ነው፣ አልቃወምም። ግን በነሐሴ 2017 ምን ሆነ? ዋናዎቹ አጽሞች፣ ድንቅነሽም ሰላምም፣ ፕራግ ሄደው በቼክ ብሔራዊ ሙዚየም ለ60 ቀን ለሕዝብ ታዩ። አውሮፓ ላይ ሲታዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እናንተም ዜናውን አውጥታችኋል፣ አንብቤዋለሁ። የፕራጉ ሙዚየም ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያሳይ በእናንተው ጋዜጣ አወቅኩ። የአምስት ኪሎው እሑድ ክፍት ይሁን ዝግ ግን ለማወቅ ሰው መላክ ነበረብኝ። ይኼን ስጽፍ እየሳቅኩ ነው፣ አትቀየሙኝ።

ስለ ሥዕል ጋለሪ ልበል። እዚህ ላይ ችግሩ የመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ሰዉ ጋለሪ መግባት ወርቅ ቤት እንደ መግባት ይመስለዋል፤ ከገባህ መግዛት አለብህ፣ ካልገዛህ ያፈጥጡብሃል። እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ጋለሪ መግቢያ አያስከፍልም፣ ዞሮ አይቶ መውጣት ነውር የለውም፣ ሠዓሊው ካለ ደግሞ ሲጠይቁት ደስ ይለዋል። «ይኼ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አልገባኝም ማለትም ይቻላል። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ እኔም ግራ ገብቶኝ ነው የቆምኩት፤ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ በስደት አሜሪካ የሞተ ሰው ነው፣ ገጣሚም ነበር። በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስድስት ኪሎ ነው ያለው፣ ገነተ ልዑልን ላየ ሰው በእግር የሚደረስ። ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም አትጨርሱ። ይኼን ከልቤ ነው የምለው። ሁለት ትልቅ ሙዚየም በአንድ ቀን ያየ ሰው ማታ የሚያስታውሰው እግሩን ነው።

የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ሥዕልም ብዙ ሰው በቴሌቪዥን ብቻ ነው የሚያውቀው። 150 ካሬ ሜትር ነው! የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 የተመሠረተበት አዳራሽ ነው፣ ታድሶም በጥቅምት 2017 ተመርቋል። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ዘው ተብሎ አይገባም፣ አስቀድሞ ማመልከት ይጠይቃል። እንዴት ነው የሚያመለክቱት? ለማን? መታወቂያ ብቻ ይበቃል? ይኼን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። ሳጥናችሁ ውስጥ ሁለት መስመር ብትይዙለት ስንት ሰው ትጠቅማላችሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መሃል ከተማ ነው። ዳር ስላለነው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ሁሉም ነገር መሃል አይደለም። ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ነው፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የሠሩት። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ጭቃ እንዲህ ጌጥ ሲሆን ማየት ለክፍለ ሀገር እንግዳ የተለየ ነው፤ አንድ የጎጃም ዘመዴ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ «ምርጊቱ ጥሩ ነው» ብሎ ደረጃ ሰጠው። ኤልያስ ስሜ ራሱ በየኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረ የተጣለ ሽቦና ኤሌክትሮኒክስ ለቅሞ ሥዕል የሚሠራ፣ ዓለም የሚያውቀው ሰው ነው። ጀሞና ለቡ ያላችሁ፣ ሙዚየሙ ጎረቤታችሁ ነው።

ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ መስመር ከያዛችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ የሚባል የጥንት ሰው መኖሪያ ሥፍራ አለ። በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ጋር ሆኖ በሐምሌ 2016 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። የጎጆ ቅርጽ ባላቸው ቤቶች ውስጥ የተሰናዳች ትንሽ ሙዚየም አለችው፤ የጥንት ሰው ከባልጪት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየጠረበ የሠራው መሣሪያ እዚያ ነው። መስመሩን ከቀጠላችሁ ጢያ ትክል ድንጋዮች ጋ ትደርሳላችሁ። ሰበታ ያለ ሰው ጠዋት ወጥቶ ለምሳ ይመለሳል ማለት ይቻላል፣ መኪና ካለው። ለእኛ ለየካ ሰዎች ደግሞ ከመገናኛ በላይ ኮረብታው ላይ ዋሻ ሚካኤል አለልን። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ ላሊበላ ድረስ ሳትሄድ። ብቻችሁን አትውጡ፣ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎችም ፈቃድ ጠይቁ። ሙዚየም አይደለም፣ የጸሎት ቦታ ነው፣ ነጠላ አይረሳ።

ሌላ ከተማ ስሄድም የማደርገው ያንኑ ነው። ሐረር የገባሁ ቀን ጫት ተራና ጅቡን አስቀድሜ ሳይሆን የሸሪፍን ሙዚየም አስቀድሜ ነው ያየሁት። አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው በግላቸው የሰበሰቡት ነው፣ ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ውስጥ። አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ሳንቲም፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ጌጣጌጥ ከመጥፋት አዳነ። ከዚያ ወጥቼ በጁገል ጠባብ መንገድ ስሄድ ሴቶቹ ያደረጉትን ጌጥ ዓይኔ ይለየው ጀመር። ጅቡ ማታ ነው፣ ይደርሳል።

አንዳንዱ ምክር ቀላል ነው ግን ማንም አይነግርህም። ጠዋት ሂድ፣ የተማሪ አውቶቡስ ሳይደርስ። ቦርሳ ትልቅ አትያዝ፣ በር ላይ አስቀምጥ ይሉሃል። ፎቶ ይቻላል ወይ ብለህ ጠይቅ፤ የሚያስከፍሉ አሉ፣ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ፣ ፍላሽ ግን የትም አታብራ። አስጎብኚ ካለ ያዝ፣ ጉርሻውንም አትርሳ። ልጆች ካሉህ ሁሉን አታሳያቸው፣ አንድ ክፍል መርጠህ እዚያ ቆይ፣ ከዚያ ሽሮም ቢሆን አብላቸው።

መቼም «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ጎግል ላይ ክፍት ነው ያለኝ ቦታ ነው ዝግ ሆኖ የጠበቀኝ። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው የመግቢያ ዋጋ ዋጋው ከመጨመሩ በፊት የነበረ ነው። ለውጭ ዜጋና ለአገር ልጅ ዋጋው እንደሚለያይ እንኳ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ የውጭውን ዋጋ ሰምቶ «የእኛ ነገር አይደለም» ብሎ የቀረ ጎረቤት አውቃለሁ፣ የአገር ልጅ የሚከፍለው ከአንድ ማኪያቶ የማይበልጥበት ቦታ እያለ። ከእናንተ አንድ ሰው ሐሙስ ሐሙስ ስልክ ቢደውል፣ ክፍት ነው? ስንት ሰዓት? ስንት ብር? ምን አዲስ አለ? ብሎ ቢጠይቅ፣ ቅዳሜ ይወጣል። ሙዚየሞቹም ስማቸው ጋዜጣ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ከወጣ በኋላ «ዛሬ ፕሮግራም አለ» ብሎ በር መዝጋቱ እንደ ድሮው አይቀላቸውም።

ቦታ የለም ካላችሁ ኮከብ ቆጠራውን አጥብቡት። ስፖርቱን ግን አትንኩብኝ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከየካ አባዶ